ዋቅጅራ መጣብኝ

በመካኒሳ፣ እኔ ባደግሁበት መንደር፣ አንድ ሰው ሳይታሰብ ብድግ ብሎ ያላቀደውን ነገር ሲያደርግ እንደ ሌላው አገር ሁሉ «ነሸጠው» ይባላል። ነገሩ ከበድ ካለ «ወፈፍ አደረገው» ነው። ልጅ ከሆነ «ቀበጠ»፣ ሽማግሌ ከሆነ «አመሉ ተነሣበት»። እነዚህን አማርኛ የሚናገር ሁሉ ያውቃቸዋል። እኛ ግን የመንደራችንን ወንዝ ያልተሻገረ አንድ ተጨማሪ ቃል ነበረን፤ «ዋቅጅራ»።

«ዛሬ ደግሞ ምን ዋቅጅራ መጣብሽ?» ትለኝ ነበር እናቴ ማናዬ፣ ማንንም ሳላማክር ፀጉሬን አሳጥሬ ስመጣ። ጎረቤት ከመሬት ተነሥቶ የአጥሩን በር ሰማያዊ ቀለም ከቀባ «ዋቅጅራ መጣበት» ነው። እየሳቅን ነበር የምንለው፤ ሳቁ ውስጥ ትንሽ ንቀት ነበረበት።

ስድስት ኪሎ ቋንቋ አጠና በነበረበት ጊዜ አንድ መምህራችን ከየሰፈራችሁ አንድ አንድ ቃል ከነትርጉሙና ከነምንጩ ይዛችሁ ኑ አለን። እኔ ይህን ቃል ይዤ ሄድኩ።

«ይህ የሰው ስም አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«ነው። ሰውዬውም አለ። ዛሬ ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ ሰላም ብሎኛል።»

መምህሩ ሳቀ። «ከምንጩ ጋር ሰላምታ የሚለዋወጥ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም» አለ። ለቃሉ የሰጠሁት ትርጉም «ጥቅም የሌለው ድንገተኛ አምሮት» የሚል ነበር። በቀጣዩ ክረምት፣ በ1988 ዓ.ም.፣ ያ ትርጉም ፈረሰ። እንዴት እንደፈረሰ ልንገራችሁ።

ጋሽ ዋቅጅራ ከተማው ወደ መካኒሳ ሳይደርስ በፊት እዚያው ሲያርሱ ከኖሩ ቤተሰቦች የተወለደ ሰው ነው። በወጣትነቱ በለቡ በኩል ጤፍ ይዘራ ነበር። መሬቱ እየተሸራረፈ ቤት ሲበቅልበት ግን ግማሹን ቀን ገበሬ፣ ግማሹን ቀን የድንጋይ ግንብ ሠሪ ሆነ። ረጅም ነው። በዝናብም በፀሐይም የማያወልቃት አንዲት ቡናማ ባርኔጣ ነበረችው። ስሙ በኦሮምኛ «እግዚአብሔር አለ» ማለት ነው፤ ስሙን ለቀልድ ስንጠቀምበት ሲሰማ አይቆጣም፣ «ጥሩ ነው፣ ባታውቁትም ትጸልያላችሁ» ይለን ነበር።

ስሙ ቃል የሆነው በጨው ምክንያት ነው። አንድ ቀን ሚስቱ ገዲሴ ወጡን ጥዳ ጨው እንዲገዛላት ላከችው። ሱቁ በር ላይ ዝቋላ አቦ ለመሳለም የሚሄዱ ሰዎች አገኘ፤ መዝሙራቸው ደስ አለው፤ ተከተላቸው። ወጡ ያለ ጨው ተበላ። ገዲሴ በሰፈሩ ሁሉ ስትፈልገው ሰነበተች፤ በስተመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እያነከሰ መጣ። በሩ ላይ ቆማ ወገቧን ይዛ ጠበቀችው።

«ጨዉስ?» አለችው።

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። «መጀመሪያ ገዝቼው ነው የሄድኩት» አለ። «የላክሽኝን ነገር ረስቼ አላውቅም።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ገዲሴ፣ ሐምሌ ላይ ነው፣ «በዚህ ቤት ውስጥ ስኖር የዝናብ ድምፁን እንጂ መልኩን አይቼው አላውቅም» አለች። ገዲሴ ይህን ያለችው ስለ ዝናቡ ለማውራት ያህል ነው። ጋሽ ዋቅጅራ ግን መጥረቢያውን አንሥቶ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ የጭቃውን ግድግዳ በረቀሰው። አልጋው ራሰ፤ ገዲሴ ጮኸች፤ ሰፈሩ ተሰብስቦ ሳቀ። በኋላ መስታወት ገባለትና የመንደሩ ትልቁ መስኮት ሆነ። ሰማዩ በጠራ ጊዜ የፉሪ ተራራ ሙሉ በሙሉ ይታይበታል፤ ሴቶቹ ለገዲሴ ሥራ እያገዙ ተራራውን ሲያዩ ይውሉ ነበር። ሳቁን ግን ማንም አልመለሰለትም።

ለመምህሬ ሥራ ስዘጋጅ ጋሽ ዋቅጅራን «ነሸጥ» የሚለው ቃል ከየት የመጣ ይመስልሃል ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ከበሬ ነዋ» አለኝ። «በሬ ሲያርስ፣ ሲያርስ ይከርምና አንድ ጠዋት ማንም ሳይነካው ጭራውን ሰቅሎ ይሮጣል። ዝንብ ነው ይላሉ። ዝንብ አይደለም። ሜዳው ጠርቶት ነው።»

እትዬ አረጋሽ ጥጥ ፈታይ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ከእንዝርት ነው አለች። «እጅሽ ሳያስበው እንዝርቱ ራሱ የሚዞርበት ሰዓት አለ፤ ያኔ ክሩ አይበጠስም።» የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ቸኮል ግን ጥያቄዬን ከነጭራሹ አልወደዱትም። «ሥራ ከመፍታት ነው የሚመጣው፣ ልጄ» አሉ። መዝገበ ቃላት ውስጥ ቃሉን አገኘሁት፤ በሬውንና እንዝርቱን ግን አላገኘሁም።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጋሽ ዋቅጅራን ነሽጦት አያውቅም። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ እሱ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ከወንዙ ዳር እስከ አስፋልቱ እየዞረ ይነፋል፤ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይናገራል። ጥሩምባው ሲሰማ ድንኳን ተካዮቹ ወደ መጋዘኑ ይሮጣሉ፣ ሴቶቹ የለቅሶ ንፍሮ ይጥዳሉ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ይለብሳሉ። ማንም «ማን ሞተ?» እንጂ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። አቶ ቸኮል በጋሽ ዋቅጅራ ሌላ ሥራ ሁሉ ቢያፍሩም በዚህ ግን ይኮሩበት ነበር። ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ነገር በቦታው ሲሆን ይወዳሉ።

እትዬ አረጋሽ ደግሞ ለቅሶ ቤት ሁሉ ቀድማ ደራሽ ነበረች። ከመንዝ በልጅነቷ መጥታ እዚሁ ያረጀች ናት። ሽንኩርት የምትከትፈው እሷ ናት፤ ሐዘንተኛን አባብላ እህል የምታስቀምሰው እሷ ናት፤ ድንኳኑ ሲነቀል የመጨረሻዋ ሂያጅ እሷ ናት። አንድ ልጅ ነበራት፤ ውትድርና ሄዶ መንግሥት ሲለወጥ አልተመለሰም። ከዚያ እግሯ አበጠና ከቤት መውጣት አቃታት። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ይጠይቃት ነበር። እየቆየ ሁሉም ሌላው የሚጠይቃት እየመሰለው ቀረ። ምግብ በሳህን ይላክላታል፤ ሳህኑን ይዞ የሚሄድ ሰው ግን አይቀመጥም።

በዚያ ክረምት የጥሩምባው አፍ ተሰነጠቀና ጋሽ ዋቅጅራ ብየዳ ቤት ሰጠው። ቅዳሜ ጠዋት አንሥቶት ሲመለስ ዝናቡ ጣለበትና እትዬ አረጋሽ ቤት ጣሪያ ሥር ተጠለለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፤ አንድም ቃል አይለያይም።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ ዋቅጅራ።»

«ውይ! ለእኔ መጣህ እንዴ? ቆይ፣ ነጠላዬን ልልበስ።»

ሳቀና ገባ። ጥሩምባውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ተበየደ?»

«ተበየደ።»

«ነፋ አድርገህ ሞከርከው?»

«ያለ ሞት አይነፋም እኮ፣ እትዬ።»

 ከዚያ እሷ እንዲህ አለች፦ «ለሁሉም ስትነፋ ሰምቼሃለሁ። ለእኔ ስትነፋ ግን አልሰማህም። ማን እንደመጣ አላይ፣ ማን እንደቀረ አላይ። ሽንኩርቱን ማን እንደከተፈልኝ እንኳ አላውቅ። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ድንኳን ውዬ፣ የእኔ ሲተከል እኔ የለሁም።»

በምሬት አልተናገረችውም። እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ የጋሽ ዋቅጅራን አንጀት የበላውም እሱ ነው። «እንደ በሬው ሆንኩ» አለኝ በኋላ። ተነሣ፣ ባርኔጣውን አጠበቀ፣ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ በሯ ላይ ቆመ፤ ነፋ።

እኔ ቤት ነበርኩ። እናቴ የሰማችው ድምፁን ብቻ ነው፤ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ስታውቅ ደረቷን መታች። «አረጋሽ! ወይኔ አረጋሽ!» ባቄላና ስንዴውን ድስት ውስጥ ገልብጣ እሳቱን ቆስቁሳ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። መንገዱ ሞላ። ጋሽ ዋቅጅራ አሁንም እየነፋ ነው፤ ስም አልጠራም፣ ሰዓት አልተናገረም፣ ግን የቆመበት በር ለሁሉም በቂ ነበር። ድንኳን ተካዮቹ ጭቃውን እየረገጡ ቋሚዎቹን አመጡ። አቶ ቸኮል የመጋዘኑን ቁልፍ እንደያዙ ደረሱ። አንዷ ጎረቤት «ሳልጠይቅሽ! ሳልጠይቅሽ!» እያለች ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

ድንኳኑ ግማሹ ቆሞ ግማሹ እንደተንጠለጠለ እናቴ በሩን ገፍታ ገባች። እትዬ አረጋሽ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯን አበጥራ፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሳ።

«ግቡ እንጂ» አለች። «ውጭ ዝናብ ነው።»

«በስመ አብ!» ብሎ ወደ ኋላ የሸሸ አለ። እናቴ ግን እንባዋ ሳይደርቅ ተቆጣች።

«አንቺ! አልሞትሽም እንዴ?»

«ምነው ማናዬ፣ ልትቆጪኝ ነው?»

«ንፍሮሽን ጥጄ መጣሁ እኮ!»

«እና አምጪዋ! ቁርስ አልበላሁም።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላስታውስም። ሳቁ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከደጃፉ ወደ መንገዱ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። ሕዝቡ ቤቱ ስለማይበቃው የቀረውን ድንኳን ተከሉት። እትዬ አረጋሽን ደግፈው አውጥተው በርጩማዋ ላይ መሀል አስቀመጧት። ንፍሮው መጣ። የለቅሶ ምግብ ነውና ሁሉም እጁን ሰበሰበ፤ እሷ ግን ዘገን አድርጋ ቆረጠመች፤ «ጨው አንሶታል፤ ዋቅጅራን ጨው ላኩት» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አላፈረም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ እያንዳንዱን ጠየቀች፤ የማን ልጅ ትምህርት ጨረሰ፣ የማን ጥርስ ተነቀለ፣ ማን ከማን ጋር ታረቀ። ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ሴት ሁሉ ስለ ራሷ አውርታ ተመለሰች።

አቶ ቸኮል ብቻ አልተቀመጡም። ከድንኳኑ ውጭ ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ሲሄዱ ለጋሽ ዋቅጅራ «እሑድ በጉባኤ እንገናኛለን» አሉት። ጥሩምባውንም ተቀብለውት ሄዱ።

ከዕድር መባረር ምን እንደሆነ የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል። ሲሞት ድንኳን የለም፣ ቀባሪ የለም፤ ይህ ደግሞ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለገዲሴም ነው። ገዲሴ ያን ሳምንት መስኮቷ አጠገብ አልተቀመጠችም። እኛ ቤት መጥታ «ይቅርታ እንዲጠይቅ ለምኑልኝ» ብላ እናቴን ያዘቻት። እናቴም ለመነችው። እሱ ግን ባርኔጣውን ብቻ ነካ አደረገ።

እሑድ፣ በመጋዘኑ ጓሮ፣ አግዳሚዎቹ ላይ ተሰበሰብን። አቶ ቸኮል ቆሙ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የተናገሩትም ከንቱ አልነበረም።

«ጥሩምባ አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የሚያውቀው» አሉ። «ስንሰማው የምንወጣው ዋሽቶን ስለማያውቅ ነው። አሁን ዋሸ። ነገ ከእኛ አንዳችን ስንሞት፣ ሰው ‹ዋቅጅራ መጥቶበት ነው› ብሎ ከአልጋው ባይነሣ ማን ይቀብረናል? አቶ ዋቅጅራ፣ እርስዎን ለማስወጣት ደስ ብሎኝ አይደለም። ቆመው ‹ነሸጠኝ፣ አጥፍቻለሁ› ይበሉ፤ በቅጣት ይታለፋል። ካልሆነ ግን ስምዎ ይሰረዛል።»

ጋሽ ዋቅጅራ ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ራሱ ላይ ፀጉር እንደሌለ ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ነሸጠኝ እላለሁ» አለ። «አጥፍቻለሁ አልልም።»

«እንግዲያው ዋሽተሃል!» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው።

«ጥሩምባው ሞተች አላለም። ጥሩምባ ‹ውጡ› ነው የሚለው። እኔም ውጡ አልኩ፤ ወጣችሁ። በዚያች ጠዋት እኮ አንድም ሰው አልቀረም።» ወደ አቶ ቸኮል ዞረ። «ጋሽ ቸኮል፣ እስከ ዛሬ ስነፋ ስሙን የጠራሁት ሰው አንድም ቀን ወጥቶ አላያችሁም። አንድ ሰው እንኳ አንድ ጊዜ ይያችሁ ብዬ ነው። ስሜን ከፈለጋችሁ ሰርዙት።»

ገዲሴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ቸኮል ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የጓሮው በር ተንኳኳ። ድንኳን ተካዮቹ እትዬ አረጋሽን በዕድሩ ወንበር ተሸክመዋት ገቡ። ላብ በላብ ሆነዋል፤ እሷ ግን እንደ ሙሽራ ተሸፋፍናለች።

«ቀስ፣ ቀስ! አስከሬን አይደለሁም፣ ይሰማኛል!» ትላቸዋለች።

ወንበሯን በአቶ ቸኮል ፊት ለፊት አስቀመጡት።

«ቸኮል፣ ሚስትህ ስታርፍ ማን ነበር አጠገብህ?» አለቻቸው።

«አንቺ ነሽ፣ እትዬ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ለሐዘንተኛ የምናገረውን ያኔ ነግሬሃለሁ፤ አልደግመውም። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እኔ ለቅሶዬ ተደርሶልኛል። ሰምቼዋለሁ፣ አይቼዋለሁ፣ ንፍሮዬንም በልቼ ተነሥቻለሁ። የዋቅጅራ ስም የሚሰረዝ ከሆነ የእኔም ይሰረዝ፤ የሚቀርብኝ የለም። ሰው እንዳላችሁ ሳታውቁ መሞት ከፈለጋችሁ ግን ያው፣ እንደ ልማዳችሁ።»

አቶ ቸኮል ወደ ጉባኤው ዞሩ። ከዚያ «እንዲቆይ የሚል እጁን ያውጣ» አሉ። የእናቴ እጅ ነው የቀደመው። ከዚያ «ሳልጠይቅሽ!» ያለችው ጎረቤት። ከዚያ መቁጠር አላስፈለገም። አቶ ቸኮል የራሳቸውን እጅ አላወጡም፤ ከወንበራቸው ሥር ጥሩምባውን አንሥተው ለጋሽ ዋቅጅራ ዘረጉለት።

«ለሞት ብቻ» አሉት።

«ለበሽተኛስ?»

«አፍ የለህም እንዴ? በአፍህ ጥራ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሽ ዋቅጅራ ግን ቃሉን እንደ ትእዛዝ ያዘው። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ መንገዱ መሀል ቆሞ ማን እንደተኛና ማን ብቻውን እንደሆነ በዚያ ግንብ በሚያናጋ ድምፁ ይጠራ ነበር። ሰውም ይሄዳል። የእትዬ አረጋሽ በርጩማ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ቃሉም ሳናውቀው ተለወጠ። አንዲት ሴት ለአራስ ጎረቤቷ ሳይነገራት ገንፎ ይዛ ከሄደች «ዋቅጅራ መጥቶባት ነው» ይባል ጀመር። ሰው በዚህ ስም ሲጠራ ደረቱን የሚነፋበት ጊዜ መጣ። የመምህሬን ወረቀት ዳግም ብጽፈው ኖሮ «ሌላው ያሰበውንና የተወውን ነገር በዚያው ቅጽበት ማድረግ» እል ነበር።

እትዬ አረጋሽ ያረፈችው በጥር ነው፤ በእንቅልፏ። ገዲሴ ናት ያገኘቻት፤ ጠዋት አብሲት ልትጥልላት ሄዳ ነበር። ጋሽ ዋቅጅራ ጥሩምባውን ይዞ እዚያው በር ላይ፣ በክረምት በቆመበት ቦታ ላይ ቆመ። ወደ አፉ አስጠጋውና አልነፋም። እኔ ከቤታችን መስኮት አየው ነበር። አቶ ቸኮል በጉባኤው የተናገሩት ነገር ጆሮው ውስጥ እንደነበረ ዛሬም እርግጠኛ ነኝ፤ ባይወጡስ? «ዋቅጅራ መጣበት» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ቢከናነቡስ? ያቺ ሴት ያለ ሰው ብትሄድስ፣ በእሱ ምክንያት?

ነፋ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ደገመው።

በሮች ሲከፈቱ ሰማሁ። አንድ፣ ከዚያ ብዙ። እናቴ እሳቱን እየቆሰቆሰች ነበር። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ግን አቶ ቸኮል ናቸው፤ የጫማቸው ማሰሪያ አልታሰረም፣ የመጋዘኑ ቁልፍ በእጃቸው ነው። ጋሽ ዋቅጅራ ጥሩምባውን ዝቅ አደረገ።

«ጋሽ ቸኮል» አለ፣ «ዛሬስ እውነት ነው።»

አቶ ቸኮል ትከሻውን ያዙት።

«ያኔስ መቼ ውሸት ነበር?» አሉትና ድንኳኑን ሊያወጡ ሄዱ።